ድስት ሲሉኝ ግድግዳ ያጠብኩ ዕለት

ኩዌት በገባሁ በዘጠነኛው ቀን የማድ ቤቱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሳሙና ፈተግኩት። ግድግዳ እጠቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። የተባልኩት ድስቱን ነው።

የቤቱ እመቤት በበሩ ብቅ ብላ በጣቷ ወደ ምድጃው ጠቆመችና የሆነ ነገር ተናግራ ሄደች። ከተናገረችው ውስጥ የያዝኳት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ጅድር»። እኔ ደግሞ «ጂዳር»ን አውቃታለሁ። ቁርዓን ላይ፣ ሱረቱል ከህፍ ውስጥ፣ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አለ። ልጅ ሆነን ስንቀራ ሼሁ «ጂዳር ማለት ግድግዳ ነው» ብለውናል። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳም ደህና አድርጎ ዘይት ጠጥቷል። እና ምን ላድርግ? ወንበር ላይ ወጥቼ ተያያዝኩት።

ስትመለስ ግድግዳው ያብረቀርቃል። ድስቱ ያረረ ሩዙን እንደያዘ ምድጃው ላይ ቁጭ ብሏል። አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ድስቱን። ያን ዕለት የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ደግነቱ ግማሹ አልገባኝም።

«ጅድር» ድስት መሆኑን የነገረችኝ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የገርባ ልጅ ናት። ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ በሹክሹክታ። ግድግዳውንማ ኩዌቶች «ጦፋ» ነው የሚሉት አለችኝ። በኋላ ሳስበው የበለጠ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ለኔ አዲስ አልነበረም። በመጽሐፉ ዐረብኛ ድስት «ቂድር» ይባላል። ብዙ ቁጥሩ «ቁዱር» ቁርዓን ውስጥ አለ፤ ቀርቼዋለሁ። ኩዌቶች «ቂ»ን «ጂ» ሲያደርጉብኝ ነው የጠፋኝ። የማውቀው ሰው ሻርፕ ተከናንቦ እንዳለፈኝ ቁጠሩት።

በ1994 ወጥቼ፣ ኩዌት ሦስት ዓመት፣ ቤሩት አራት ዓመት ሠርቼ በ2001 ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከዚሁ ከከተማችን፣ ከውጫሌ፣ ከቢስቲማ ሊሄዱ የተነሱ ልጆች ቤቴ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ደብተር ይዘው ነው። ዳቦ «ኹብዝ»፣ ውሃ «ማእ»፣ መጥረጊያ እንዲህ፣ ብረት ምጣድ እንዲያ። በአራት ገጽ ሁለት መቶ ቃል ሸምድደው ይመጡና «እትዬ፣ በቃኝ አይደል?» ይሉኛል። አይበቃም። ቃሉን ትሸመድጂዋለሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ቃሉ ሌላ ድምፅ ይዞ ይጠብቅሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሩን አስዘጋቸውና አንዲት ድምፅ አስተምራቸዋለሁ። «ቀ»ን። የምጽፈውም ቤቴ ድረስ መምጣት ላልቻላችሁ ነው።

ስለ «ቀ» ለማውራት የተፈረደብኝ ከስሜ ጀምሮ ነው። ስሜ ቀመር ነው፤ በዐረብኛ ጨረቃ። ትምህርት ቤት ግን የሒሳብ አስተማሪያችን «ራሷ ቀመር ሆና ቀመር አይገባትም» ብሎ ክፍሉን አስቆብኛል። የተወለድኩባት ከተማም ሐይቅ ናት፤ መጨረሻዋ ላይ «ቅ» ጧ ትላለች። አንድ ነገር ከቀኝም ከግራም ሲከብሽ ደግሞ አታዪውም። እኔም ይህቺን ድምፅ ደህና አድርጌ ያየኋት ከሀገሬ ከወጣሁ በኋላ ነው።

እስኪ ይህን ሞክሩ። ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ጥርቅም አድርጋችሁ። ሳትለቁት «ቅ» በሉ። ወጣ አይደል? «ጥ» በሉ። «ጭ»ም ይወጣል። አሁን «ግ» በሉ። እምቢ ይላል። «ክ» ለማለት ብትታገሉም ያለ ትንፋሽ «ቅ» ሆኖ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ይህን ሲሞክሩ ጉንጫቸውን ነፍተው ዓይናቸውን ያፈጣሉ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ምስጢሩ ይህ ነው። «ቀ» ስንል የምላሳችንን ጀርባ ከላንቃችን እንለጥፋለን፤ ጉሮሯችንንም ከታች እንዘጋለን። መሀል ላይ ትንሽ አየር ትታፈናለች። ማንቁርታችን ወደ ላይ ዘለል ሲል አየሯ ትጨመቅና ምላሳችን ሲላቀቅ ትፈነዳለች። ሳንባችን እዚህ ውስጥ ሥራ የለውም። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ «ቅቅቅ» በሉ፤ ስትዘል ትሰማችኋለች። የምጣድ ቆሎ ድምፅ ያላት ለዚህ ነው።

ይህ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ከሚሴ ገበያ ውረዱ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም «ቀልቢ» ሲል እንደኛው ያፈነዳታል። ትግርኛም አለው፤ ብቻ አናባቢ ከቀደማት ትላላና «ቐ» ትሆናለች፣ ጉሮሮ የሚፍቅ ነገር ይገባባታል። ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ትምህርት የተማረው የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ የጆርጂያ ሰዎች፣ ናይጄሪያ ያሉ ሐውሳዎች፣ ደቡብ አሜሪካ ያሉ አይማራዎችም እንዲህ የሚፈነዳ ድምፅ አላቸው። ከዐረብኛ የወሰድነውን ቃል ሁሉ ያለፈቃዱ በዚህ ምጣድ ላይ ቆልተነዋል። ቀልብ፣ ቃዲ፣ ሱቅ። «ጠ»ንም እንዲሁ፤ ሸይጣን፣ ሱልጣን። የሰውን ቃል ወስደን በራሳችን ጉሮሮ ነው የምንለው።

ለዚህ መጀመሪያ የተቆጡን ሼሁ ናቸው። ሎህ፣ የምንቀራበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዘን ተደርድረን ስንቀራ «ቃፍ» ጋ ስንደርስ ሃያ ልጅ በአንድ ላይ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሼሁ ጆሯቸውን ይይዛሉ። «ቆሎ ነው እንዴ የምትቆሉት?» ይሉናል። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩናል። የዐረብኛው «ቃፍ» ቦታው ከኛው ይጠልቃል። የምላስ ሥር ወደ ኋላ ሄዶ እንጥል አካባቢ ይነካል። ትንፋሽ አይታፈንም፣ ጉሮሮም አይዘጋም። ዝም ብሎ ወፈር ያለ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ድምፅ ነው። «ካ» በሉና ምላሳችሁን እየጎተታችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ውሰዱት። ሊያስመልሳችሁ ሲል ደርሳችኋል። ይህ የሼሁ ሳይሆን የኔ አባባል ነው።

እኔ አልሆነልኝም። ዓመት ሙሉ አልሆነልኝም። ምክንያት ፈለግኩ። ልጅ ሆኜ እንጥሌን ተቆርጫለሁ። ያኔ የተለመደ ነበር፤ ጎጂ ነውና እባካችሁ በልጆቻችሁ ላይ አታስደርጉ። እና «ቃፍ እንጥል ጋ ነው» ሲሉ «በቃ፣ እኔ ዕቃው የለኝም» ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ቀን ግን ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ አፍሽን ክፈቺ ብዬ አየኋት። እንጥሏ ተንጠልጥሏል። እሷም ጧ ነው የምትለው። ያን ጊዜ ገባኝ። የተቆረጠው እንጥል አይደለም ችግሩ፤ ችግሩ ጉሮሯችን የለመደው መንገድ ነው። ጉሮሮ ደግሞ ይሠለጥናል። በሁለተኛው ዓመት ሼሁ «ሀያ! አሁን ቃፍ አልሽ» አሉኝ። ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ እንኳ የምለው አልገባትም፤ ውሃ ቅጂ ስትለኝ «ቃፍ!» እያልኩ ነበር የምመልስላት።

ለቂርዓት፣ ለቁርዓን ንባብ ማለት ነው፣ ይህን ልፋት መልፋት ያስፈልጋል። ለሥራ ግን አያስፈልግም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቹ በከንቱ ይጨነቃሉ። የኛ የሚፈነዳ «ቀ» የትም ዐረብ ሀገር ብትሄዱ ይሰማል፣ ይገባል። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው። ዐረብኛ ላይ «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ውሻ ነው። ፈረንጆች ዐረብኛ ሲማሩ ልቤን ሲሉ ውሻዬን እያሉ ይቸገራሉ ይባላል። እኛ ይህ አያገኘንም፤ ከሁለቱ የትኛውን እንዳልን ደንቆሮም ይለየዋል። ትንሽ ሊሳቅባችሁ ይችላል። ኩዌት ያሉት ልጆች እኔ ስናገር «ዜና ልታነብልን ነው» ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ «ቀ» የሚሰሙት ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ጭንቁ ስትናገሩ አይደለም። ስትሰሙ ነው።

ኩዌት ውስጥ «ቀ» ሁለት መንገድ አላት። ብዙውን ጊዜ «ገ» ትሆናለች። ቀልብ «ገልብ» ይሆናል፣ ሱቅ «ሱግ»፣ ቡናው ቀህዋ «ገህዋ»። ስሜም ተለወጠ። አሮጊቷ፣ የእመቤቲቱ እናት፣ «ጉመር» ይሉኝ ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች «ቀመር» ይሉኛል፣ አሮጊቷ «ጉመር»። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስም። ሁለተኛው መንገድ ያ ድስት የሄደበት ነው። አጠገቧ «ኢ» ወይም «እ» ሲኖር «ቀ» «ጀ» የምትሆንበት ጊዜ አለ። ቂድር «ጅድር»፣ ቀሪብ (ቅርብ ማለት ነው) «ጂሪብ»፣ ቀሊል (ጥቂት) «ጂሊል»። ኩዌት የነበራችሁ «ጅሊብ»ን ታውቁታላችሁ፤ የውጭ ሠራተኛ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ስሙ «ቀሊብ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ፍለጋ ስንሄድ «ቀ»ዋን ረግጠናት ነው ለካ የምናልፈው።

«ከ»ም አትተርፍም። ከልብ የነበረው ውሻ «ቸልብ» ይባላል። ዓሣው ሰመክ «ሰመች» ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ጥፋት መሰለኝ። ሰዎቹ ቋንቋቸውን ያበላሹ መሰለኝ። ኋላ ግን ራሴን ታዘብኩት። እኛስ? ከፈተ ብለን «ከፋች» እንላለን እንጂ «ከፋቲ» አንልም። ወሰደ ብለን «ወሳጅ»፣ ለወጠ ብለን «ለዋጭ»። «ኢ» ስትመጣ ምላሳችን ወደፊት ሸተት ይላል፤ ተ ቸ ትሆናለች፣ ደ ጀ ትሆናለች። ኩዌቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እነሱ በ«ከ» እና በ«ቀ»፣ እኛ በ«ተ»፣ በ«ደ»ና በ«ጠ»። ይህ ከገባኝ ወዲህ ንቀቴ ቀረ፤ ጆሮዬም ፈጠነ።

አሁን ዋናው ዘዴ። የማታውቂው ቃል ሲመጣብሽ አትደንግጪ። ኩዌት ከሆንሽ «ገ» ወይም «ጀ» የሰማሽበት ቦታ ላይ «ቀ»ን ተኪ። ቤሩት ከሆንሽ፣ እዚያ «ቀ» ጠፍታ ቦታዋ ላይ ጉሮሮ ቁርጥ ይላልና፣ በሚቆረጠው ቦታ «ቀ»ን መልሺ። ከዚያ በአማርኛ ጆሮሽ ስሚው። ብዙ ጊዜ ቃሉ የራሳችን ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኩዌት ጠዋት ጠዋት በሩን አንኳኩተው «ጉሚ!» ይሉኛል። ቤሩት ደግሞ «ኡሚ!»። ኩዌት እያለሁ ስድብ ይመስለኝ ነበር። ቤሩት ስሄድ ደግሞ «ኡሚ» ስትለኝ፣ በቁርዓኑ «ኡሚ» እናቴ ማለት ነውና፣ «ምን ያለች ጨዋ ሴት ናት» ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ቀን እናቴ እየተባልኩ የምቀሰቀስ መስሎኝ በፈገግታ ተነሳሁ። እስኪ «ቀ»ን መልሱባት። «ቁሚ!» የኛው ቁሚ ናት። ቁጭ፣ አራት ነጥብ። ዐረቡ ቃመ ይላል፣ እኛ ቆመ እንላለን፤ ሥሩ አንድ ነው።

ሌላም አለ። ቅርብ የሚለውን ውሰዱ። መጽሐፉ ቀሪብ፣ ኩዌት «ጂሪብ»፣ ቤሩት «አሪብ»። ሦስቱን ለየብቻ ብትሸመድዱ ሦስት ቃል ነው። «ቀ»ን ብትመልሱ አንድ ነው፤ እሱንም ከእናታችሁ ጡት ጋር ጠብታችሁታል። መቃብሩ ቀብር፣ ቃል፣ መቅደም፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው።

ቤሩት ስገባ እንደገና አንደኛ ክፍል ገባሁ። እዚያ «ቀ» ጭራሽ የለችም። ቦታዋ ላይ ጉሮሮ ቁርጥ ይላል፣ በቃ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው ካላችሁ፣ ልጅ ሊሳሳት ሲል «እ-እ!» ብላችሁ ስትከለክሉት መሀል ላይ የምትቆረጠዋ ናት። እሷኑ ቃል መጀመሪያ ላይ አድርጓት። ቀህዋ «አህዌ» ይሆናል፣ ደቂቃ «ደኢአ»፣ ሱቅ «ሱእ»። እመቤቲቱ ስልክ እያወራች ጣቷን አንስታ «ደኢአ! ደኢአ!» ስትለኝ የምትፈልገውን ዕቃ ፍለጋ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አንድ ደቂቃ ጠብቂ ነው ያለችኝ።

የቤቱ ትንሽ ልጅ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ከሰዓት መሬት ላይ ተቀምጦ «አለሚ! አለሚ!» እያለ ያለቅሳል። እኔ ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት። በመጽሐፉ ዐረብኛ «አለም» ሕመም ነው፤ ልጁ አሞኛል እያለ ነው። ሆዱን ዳሰስኩ፣ ግንባሩን ነካሁ። ደግሞም በኛ አማርኛ «ዓለሜ» ልጅን ማቆላመጫ ነው፤ አፌ ራሱ ቀደመኝና «ዓለሜ፣ ዓለሜ፣ አብሽር» እያልኩ አብሬው እወዛወዛለሁ። ልጁ የባሰ ጮኸ። እሱ «አለሚ» ይላል፣ እኔም «ዓለሜ» እላለሁ፤ ሁለታችንም አልተግባባንም። እህቱ መጥታ ሶፋው ሥር እጇን ሰዳ ቀይ እርሳስ አወጣችና ሰጠችው። ጸጥ አለ። ቀለም ነበር የጠፋበት። «ቀለሚ»፣ እርሳሴ። «ቀ»ዋ ወድቃ «አለሚ» ሆናለች።

ይህች እህቱ ዩኒቨርሲቲ ዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ የምትማር ነበረች። ለኔ ደህና ሰው ነበረች ማለት እችላለሁ። የግድግዳውን ታሪክ ስነግራት ሳቀችና አንድ ነገር አጫወተችኝ። ሲበወይህ የሚባል፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በስራ የኖረ የሰዋስው ሊቅ አለ። የዐረብኛን ድምፆች አንድ በአንድ ከነቦታቸው የጻፈ ሰው ነው። እሱ «ቃፍ»ን የመደባት እንደ «ገ» ሁሉ ጉሮሮ እየነዘረ ከሚወጡት፣ «በ»፣ «ደ» እና «ዘ» ካሉበት ወገን ነው አለችኝ። ከዚህ ተነስተው የዛሬ ሊቃውንት ያኔ ብዙ ዐረቦች ይሏት የነበረው ወደ «ገ» የቀረበች ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። ማለት እነዚያ ኩዌት ያሉ አሮጊት «ጉመር» ሲሉኝ ምናልባት ከዜና አንባቢው ይልቅ የጥንቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ ተበላሸ ብዬ ፈርጄባቸው ነበር።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከዚያም ወደ ኋላ ይወስደዋል። የግዕዝ፣ የዐረብኛ፣ የዕብራይስጥ ሁሉ እናት በነበረችው ቋንቋ «ቀ» እንደኛው የምትፈነዳ ነበረች የሚሉ ምሁራን ዛሬ ይበዛሉ ይላል። የኛ የኢትዮጵያዎቹ እና ደቡብ ዐረቢያ ያሉት እንደ መህሪ የመሳሰሉት ቋንቋዎች እስካሁን ስለያዟት። ይህን ሲነግረኝ ሼሁ ትዝ አሉኝ። «ቆሎ ነው እንዴ?» ያሉን ሼሁ። በሕይወት ቢኖሩ ሄጄ እነግራቸው ነበር፤ በርግጥ ለቂርዓት የሚለውጠው ነገር የለም፣ እሳቸውም ይህንኑ ነበር የሚሉኝ።

ቤሩት ስሜ «አመር» ሆነ። ችግሩ እዚያ ሀገር «ያ አመር» የሚባለው ሰው ብዙ ነው። ቆንጆ ለተባለ ሕፃን፣ ለሙሽራ፣ ለልጃገረድ፣ ሁሉ «ጨረቃዬ» ነው። መንገድ ላይ በተጠራ ቁጥር ዞር እላለሁ። የተጠራው ሌላ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ስዞር ኖርኩ።

አንድ ቀን ግን አሳንሰር ውስጥ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌ ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ቀመር!» አሉ፣ ከጉሮሯቸው ሥር፣ ወፍራም አድርገው። ደነገጥኩ። ሰውየው ከሹፍ ተራራ የመጡ፣ ድሩዝ ከሚባለው የሃይማኖት ወገን ናቸው። ድሩዞች «ቃፍ»ን አይጥሉም፤ ሊባኖስ ውስጥ በዚህ ነው የሚታወቁት። አፉን ከፍቶ «ቀህዌ» ያለ ሰው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ አሳንሰር ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር ይጠሩኛል። የሳቸውም «ቀ» የኛ አይደለችም፤ አትፈነዳም፣ የሼሁ ዓይነት ናት። ግን ስሜ ከነመጀመሪያው ፊደል ሲጠራ ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። ቆሻሻ መጣያ ሰዓቴን ከሳቸው መውጫ ጋር አስተካከልኩት። ሳልዋሽ።

ወደ ሥራው ልመለስ። የምትሄዱበትን ሀገር ካወቃችሁ ጆሯችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ኳታር ከሆነ «ገ»ን ጠብቁ፤ ባሕረ ሰላጤው ዳር «ጀ»ንም ጨምሩ። ሱዳንም «ገ» ነው፣ ሰንዓም «ገ» ነው። ካይሮና ደማስቆ እንደ ቤሩት ይቆርጧታል። የላይኛው ግብፅ ገጠር ግን ተመልሶ «ገ» ይላል። አንዳንድ የፍልስጤም ገጠሮች «ከ» ያደርጓታል፤ ቡናው «ከህዌ» ይሆናል። ደግሞ ኩዌት ገብታችሁ የምትሠሩበት ቤት ሶርያውያን ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሀገሩን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹን ጠይቁ። የመጀመሪያው ቀን ቡና ምን እንደሚሉት ስሙ። ገህዋ ካሉ በ«ገ» ዙሪ፣ አህዌ ካሉ በቁርጡ ዙሪ። ቡና የሌለበት ቤት የለምና ምልክቱን ለማግኘት ከአንድ ከሰዓት በላይ አትቆዪም።

መለማመጃው ቀላል ነው፤ እኛ ቤት በቡና ነው። በአቦል ቃሉን በመጽሐፉ እንላለን፤ ቀሪብ፣ ሱቅ፣ ደቂቃ፣ ቀልብ፣ ቁሚ። በቶና ሁሉን በ«ገ» እና በ«ጀ» እንደግመዋለን። በበረካ እንቆርጠዋለን። የተሳሳተች ስኒ ታጥባለች። መጀመሪያ የሚያስቸግራቸው በረካ ነው፤ «አልብ» በሉ ስላቸው «ሀልብ» ይላሉ። «እ-እ» በሉ፣ ከሁለተኛዋ ላይ ጀምሩ እላቸዋለሁ። ይሠራል። እናቴ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ ትሰማናለች። አንድ ቀን «እንግዲህ ቡናውን በሦስት አፍ ጠጣችሁት» አለች። እሷ ሰማንያን አልፋለች፤ ዐረብኛ ከሶላት ውጪ አታውቅም። ግን ጆሮዋ ከሁላችንም ይበልጣል። ከራያ ቆቦ በኩል የሚመጣውን በርበሬ ነጋዴ ገና «ቀ» ሲል፣ ፊቱን ሳታይ፣ ከየት መንደር እንደሆነ ትናገራለች።

አንድ ምክር ልጨምር። ያልገባችሁን ትእዛዝ «ኢዋ፣ ኢዋ» ብላችሁ አትለፉት። እኔ ያለፍኩት በዚያ ነው። ቃሉን መልሳችሁ ድገሙላቸው፣ በጥያቄ። «ጅድር?» በሉ። ያኔ በእጃቸው ያሳያችኋል። ሁለት ሰከንድ ነው። ይህን ሁለት ሰከንድ ፈርቼ ነው ወንበር ላይ የወጣሁት።

አምና ካስተማርኳቸው አንዷ ኩዌት ናት። ባለፈው ወር የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እመቤቲቱ መጥታ «ጅድር» አለቻት። ልጅቷ በሆዷ «ቂድር» አለችና ድስቱን አንስታ አጠበች። «ግድግዳውስ እንዴት ነው?» ብዬ መለስኩላት።

«ኧረ ተዪኝ እትዬ» አለች፣ «እሱ ቆሽሿል፤ ግን ማንም አላዘዘኝም።»